በምግብም በአየርም የሚገባ ብክለት፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የቱን ላስቀድም?

ማለዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የ2 ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ። ሰሞኑን ስለ ብክለት ማንበብ ጀመርኩና ይኸው እንቅልፍ አጣሁ። ዓሣ ውስጥ ሜርኩሪ አለ ይላሉ፣ ሩዝ ውስጥ አርሴኒክ፣ አትክልት ላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት፣ በእሳት የተጠበሰ ሥጋ ካንሰር ያመጣል፣ ሌላም ሌላም። አንዱን አንብቤ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል።

አየሩ ደግሞ አለ። የምንኖረው ትልቅ መንገድ አጠገብ ነው። መስኮት ስከፍት የመኪና ጭስ ይገባል፣ ስዘጋው የማበስልበት ጭስ እቤት ይቀራል (የማበስለው አብዛኛውን ጊዜ በከሰል ነው)። ከኋላችን ያሉ ሰዎች ማታ ማታ ቆሻሻ ያቃጥላሉ፣ ፕላስቲኩንም ጭምር። ሽታው እስከ መኝታ ቤት ይመጣል።

ዓሣ መብላት አቁሜያለሁ። ሩዝም ልተው እያልኩ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሰውነትን ከመርዝ ያጸዳል የሚባል ዱቄት አይቶ እንግዛው ይለኛል። ሁሉንም በአንዴ ማስተካከል አልችልም፣ አቅሙም የለኝም። የምታውቁ ካላችሁ፣ በእናንተ ቤት ቢሆን ከየት ትጀምሩ ነበር? ለልጄና ለጽንሱ የሚያሳስበው የቱ ነው?

አየር ለኪ፦

እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ። እኔ ብጠየቅ የማስቀድመው ጭሱን ነው። ያውም የመንገዱን ሳይሆን የቤቱን።

ሥራዬ አየር መለካት ስለሆነ ለአየር እንዳዳላሁ እንዳትቆጥሪው ምክንያቴን ልንገርሽ። አንድን ምግብ ትተሽ ሌላ መብላት ትችያለሽ፤ ትንፋሽን ግን ማንም አይተውም። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ያስገባል። ልጅሽ ደግሞ ከክብደቷ አንጻር ስትታይ ከአንቺ የበለጠ ነው የምትተነፍሰው፣ ሳንባዋም ገና እያደገ ነው።

ጭስ ውስጥ ዋናው ጠላት ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም። የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 70 ማይክሮ ሜትር ይወፍራል፣ እንግዲህ አስቢው። ትልልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፣ እናስነጥሳለን፣ እንስላለን፣ ይወጣል። ይሄኛው ግን አየርና ደም እስከሚገናኙበት እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል፤ ከሁሉም የደቀቀው ወደ ደም ይገባል። ሰው የአየር ብክለት ሲባል ሳልና አስም ብቻ ነው የሚታየው። ከሚሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ ግን የሚሞቱት በልብ ሕመምና በስትሮክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በውጭና በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ከምግብ ጋር የሚመጡ በካይ ነገሮች ስንቱን ሰው እንቅልፍ እንደሚነሱ ሳይ፣ ይህ ቁጥር ለምን ያን ያህል እንደማያስደነግጥ አይገባኝም።

ጽንስንም ጠይቀሻል። እ.ኤ.አ. በ2019 የቤልጂየም ተመራማሪዎች የእንግዴ ልጅ ውስጥ፣ ያውም ጽንሱ ባለበት በኩል፣ የጥቀርሻ ቅንጣቶችን አግኝተዋል። እናትየዋ ለጭስ በተጋለጠች መጠን የሚገኘው ቅንጣትም በዝቷል። በእርግዝና ጊዜ ለብክለት መጋለጥ ክብደቱ ዝቅ ካለ ልጅና ያለ ጊዜው ከሚመጣ ምጥ ጋር እንደሚያያዝም ከታወቀ ቆይቷል።

ከሰሉን በተመለከተ አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ዛሬውኑ አስተካክይው። ከሰል ጭሱ ሲጠፋ የተሻለ ይመስላል፤ ያኔም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝበታል፣ የጽንስ ደም ደግሞ ከእናቱ ደም ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል በፍጹም አታንድጂ። ለሙቀት ብለሽም መኝታ ቤት አታስገቢው። ስታበስዪ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣብሽ የእርግዝናው ነው ብለሽ አትለፊው፤ ውጪ፣ ንጹሕ አየር አግኚ፣ ካልተሻለሽም ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

በኤሌክትሪክ ማብሰል ከቻልሽ ከሁሉም እሱ ይሻላል። ጋዝም ከከሰልና ከእንጨት በጣም ያነሰ ብናኝ ነው ያለው፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ግን እሱም መስኮት ይፈልጋል። ሁለቱም ካልተቻለ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥይው፣ ከተቻለም እዚያው አብስይ። ድስቱን ክደኚው፣ ጊዜው ያጥራል። ልጅሽ አጠገብሽ እንዳትቀመጥ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን መሣሪያ ይዤ ስለካ ማብሰያው አጠገብና ከበሩ ማዶ ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የፒኤም 2.5 የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል (ከዚያ በፊት 10 ነበር)። አየር በደንብ በማይገባው ቤት በእንጨትና በከሰል ሲበሰል ብናኙ ከሚፈቀደው እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ሜዳው፦

ሰው ሁሉ ፈሪ ሆነ። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ውስጥ ኖራ ነው እርጅና ላይ የደረሰችው። ስለ ሜርኩሪም ስለ ምናምንም ሰምታ አታውቅም። እህታችንን ባታስፈራሯት ይሻላል፣ ጭንቀቱ ራሱ ለነፍሰ ጡር ጥሩ አይደለም።

ነርስ እና እናት፦

ሜዳው፣ ጭንቀቱ ላይ እስማማለሁ። አያትህንም እግዜር ያኑርልህ። ግን አያትህን አየሃት፣ በጨቅላነታቸው በሳንባ ምች የሞቱትን አላየሃቸውም። እኔ የሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። ልጁ ለምን ታመመ ሲባል ማንም ጭሱ ነው አይልም፣ ብርድ መታው ነው የሚባለው። የቤት ውስጥ ጭስ ሕፃናት በሳንባ ምችና በመሰል ሕመም የመያዛቸውን ዕድል ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። አንድ ሰው ተርፎ አረጀ ማለት ነገሩ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን አጭሶ 90 የደረሰም ሰው እናውቃለን።

ማለዳ፣ እኔ ወደ ምግቡ ልመልስሽ፣ ምክንያቱም ዓሣ አቁሜያለሁ ያልሽው አሳስቦኛል።

ሜርኩሪ እውነት ነው፣ ታሪኩም ከባድ ነው። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ባሕር ሲለቅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሽታው በይፋ ታወቀ። ዓሣውን የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፣ ማየትና መስማት ተሳናቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ብዙም ሕመም ካልታየባቸው እናቶች አንጎላቸው ክፉኛ የተጎዳ ልጆች መወለዳቸው ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ስለ ሜርኩሪ ብትጠነቀቅ ማንም አይፈርድባትም።

ግን ዓሣ ሁሉ አንድ አይደለም። ሜርኩሪ ውኃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ሰውነት በቀላሉ ወደሚስበው ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፣ ትንሹ ዓሣ ትንሽ ይይዛል፣ ትልቁ ብዙ ትንንሾችን ይበላል፣ ከእሱ የሚበልጠው ደግሞ እሱን ይበላል፣ እያለ እያለ ዕድሜው የረዘመውና አዳኙ ዓሣ ብዙ ያጠራቅማል። ሻርክ፣ ሰይፍ ዓሣ፣ ትልልቆቹ የቱና ዓይነቶች የሚከለከሉት ለዚህ ነው። ሰርዲንና አንቾቪን የመሳሰሉ ትንንሽ ዓሣዎች፣ ሳልመንም፣ ሜርኩሪያቸው ዝቅተኛ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለነፍሰ ጡሮች የሚመክረው ራሱ ዝቅተኛ ሜርኩሪ ያለውን ዓሣ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ እንዲበሉ ነው እንጂ እንዲያቆሙ አይደለም። ለልጁ አንጎል የሚጠቅመው ኦሜጋ 3 እዚያው ዓሣ ውስጥ ነው ያለው። መልሰሽ ብዪ፣ ትንንሹን ምረጪ።

ሩዝ ላይ ብዙ አልቆይም። አርሴኒክ አለው፣ ሩዝ ውኃ በተኛበት መሬት ስለሚበቅል ከሌላ እህል የበለጠ ይስባል፣ ያልተፈተገው ቡናማው ሩዝ ደግሞ ከነጩ ይብሳል። በ1 እጅ ሩዝ ከ6 እስከ 10 እጅ ውኃ አድርገሽ ቀቅለሽ ውኃውን ብትደፊው ከአርሴኒኩ ከ40 እስከ 60 በመቶ ሊቀንስ ይችላል (ውኃው ራሱ አርሴኒክ የሌለበት ከሆነ ማለት ነው)። ለልጅሽ ሌላ እህልም እያቀያየርሽ ስጫት፣ በቃ።

በእሳት የተጠበሰ ሥጋ ላይ ያረረውን ቆርጠሽ ጣዪ፣ ስቡ እሳቱ ላይ ጠብ እያለ በሚጨሰው ጭስ አታጥቢው። አትክልቱን በሚፈስ ውኃ እያሻሸሽ እጠቢ፣ ሳሙና አያስፈልገውም። የፀረ-ተባይ ፍራቻ ብለሽ አትክልትና ፍራፍሬ ከቀነስሽ ግን የምታጪው ይበልጣል።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ አንቺ ያልጠቀስሽው ነው፣ ሌድ፣ በአማርኛ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት። ለሌድ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ትንሽ ልጅ ከበላችው ሌድ ወደ ሰውነቷ የምታስገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል፣ ጉዳቱ አንጎሏ ላይ ነው፣ አንዴ ከደረሰ ወደ ኋላ አይመለስም። ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፣ ልጅቷ ደህና መስላ ትጫወታለች። ዩኒሴፍ በ2020 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከ3 ልጆች አንዱ ደሙ ውስጥ በዴሲ ሊትር 5 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ ሌድ አለበት፣ እስከ 800 ሚሊዮን ልጅ ማለት ነው።

ከየት ይመጣል ካልሽ፦ ከተላላጠ አሮጌ ቀለም፣ የመኪና ባትሪ ከሚፈታበትና ከሚቀልጥበት ቦታ፣ ከአንዳንድ የሸክላ ዕቃ መስታወት መሰል ቅብ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ ከተሠራ ድስት፣ ቀለሙ እንዲደምቅ ሌድ ከተጨመረበት ቅመም። ልጅ እጇን አፏ ስለምታደርግ የወለሉ አቧራ ሳይቀር ይቆጠራል። ወለሉን በደረቁ አትጥረጊው፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውይው። ከመብላቷ በፊት እጇን እጠቢያት። ከቤተሰቡ ባትሪ፣ ቀለም ወይም ብየዳ ላይ የሚሠራ ካለ ልብሱን ቀይሮ ታጥቦ ይግባ።

ማለዳ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ከሰሉን ከዛሬ ጀምሮ ደጅ አወጣዋለሁ። የሌዱ ነገር ግን አስደነገጠኝ፣ የባለቤቴ ወንድም ጋራዥ ነው የሚሠራው፣ ከእኛው ጋር ነው የሚኖረው። ልጄን ላስመርምራት? ያ ዱቄትስ ይረዳ ይሆን? ሌላው ደግሞ የሚያቃጥሉት ቆሻሻ፣ እውነት ያን ያህል መጥፎ ነው? ጎረቤት ሆኜ ምን ብዬ ልናገር?

ነርስ እና እናት፦

አስመርምሪያት። የደም ምርመራ ነው። ለአንቺም ለክትትል ስትሄጂ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ ምክንያቱም ሌድ አጥንት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፣ በእርግዝና ጊዜ አጥንት ካልሲየም ሲለቅ አብሮ ይወጣል፣ ወደ ጽንሱም ያልፋል። ካልሲየምና ብረት የጎደለው ሰውነት ሌድን የበለጠ ይስባል። ስለዚህ የታዘዘልሽን የብረት እንክብል አትዝለዪ፣ እሱ ለደም ማነስ ብቻ አይደለም።

ዱቄቱን አትግዙት። እስቲ እነዚህ ነገሮች ሰውነት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ እዪ። ሜቲል ሜርኩሪ ግማሹ ከደም እስኪወጣ 50 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ዳይኦክሲን፣ ቆሻሻና ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚፈጠረው መርዝ፣ ግማሹ እስኪወጣ ከ7 እስከ 11 ዓመት። ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት ኩላሊት ውስጥ ከ10 እስከ 30 ዓመት። ይህንን በሳምንት አጥቦ የሚያወጣ ዱቄት የለም። ሌድን ከደም የሚያወጣ እውነተኛ መድኃኒት አለ፣ እሱ ግን መጠኑ በጣም ከፍ ላለበት ሰው በሐኪም ክትትል የሚሰጥ ነው፣ ያለዚያ ራሱ ይጎዳል። እንዲያውም አንዳንድ የባሕል መድኃኒትና ያልታወቀ ዱቄት ውስጥ ሌድና ሜርኩሪ ተገኝቶ ያውቃል። ነፍሰ ጡር ሆነሽ ምን እንዳለበት የማታውቂውን ነገር አትውሰጂ፣ እባክሽ። ገንዘቡ ካለ ለኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን።

አየር ለኪ፦

ስለ ቆሻሻው እኔ ልመልስ። አዎ፣ ያን ያህል መጥፎ ነው። ፕላስቲክ፣ በተለይ ፒቪሲ የሚባለው ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሲጨስ ዳይኦክሲን ይፈጠራል። ከዳይኦክሲኖች ቀንደኛው እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቡድን 1 ውስጥ ተመድቧል፣ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ማለት ነው። (ቡድን 1 የሚለው ማስረጃው ምን ያህል የጠነከረ እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ አይደለም። ስለ ሥጋም ስለ ሌላውም ስታነቢ ይህን ያዢ፣ ብዙ ፍርሃት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።)

ነገሩ ደግሞ ከጭሱ ጋር በኖ አይጠፋም። አመዱና ጥቀርሻው አፈር ላይ ያርፋል፣ ከብት ሣሩን ይግጣል፣ ዶሮ አፈሩን ትጭራለች፣ ዳይኦክሲን ስብ ስለሚወድ ወተቱና እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። ሰው ከሚያገኘው ዳይኦክሲን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው በምግብ ነው። ሜርኩሪውም እንደዚያው፣ በድንጋይ ከሰል ከሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በአየር ወጥቶ፣ ከዝናብ ጋር ውኃ ውስጥ ወርዶ፣ ዓሣ ሆኖ ነው ገበታ ላይ የሚመጣው። ለዚህ ነው አየሩንና ምግቡን ለያይቼ ማየት የማልወደው። አፈሩ የተበከለበት ቦታ የሚጭሩ ዶሮዎች ካሉሽ እንቁላሉን ለልጅሽ አትስጫት።

ጎረቤቶችሽን ስትናገሪ ካንሰር ብለሽ አትጀምሪ። ሰው ሌላ የሚጥልበት ካጣ ያቃጥላል፣ ክፋት አይደለም። ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ልጄ ትስላለች፣ ቢያንስ ፕላስቲኩንና ጎማውን ለይታችሁ አስቀሩልኝ ብትያቸው እንቢ የሚልሽ ጥቂት ነው። ከዚያ አንድ ላይ ሆናችሁ ቆሻሻው የሚነሳበትን መንገድ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ።

ሜዳው፦

ስለ አያቴ የተናገርኩትን አልቀይርም፣ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህን ሁሉ ነፍሰ ጡሯ ሴት ላይ ከምትጭኑ፣ መኪናውንና ፋብሪካውን የሚቆጣጠረው አካል ምን ይሠራል? እሷ ከሰል ደጅ ብታወጣ መንገዱ መንገድ ነው።

አየር ለኪ፦

ትክክል ነህ፣ ወንድሜ። በዚህ ላይ ልከራከርህ አልችልም። ሌድ ያለበት የመኪና ቤንዚን እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ነው የተሸጠው፣ ጉዳቱን እያወቁ የጮኹ ሐኪሞች ያኔም ነበሩ፣ ከዓለም ላይ ጨርሶ የጠፋው ግን በ2021 ነው። የጠፋው ሰዎች እጃቸውን ስለታጠቡ ሳይሆን በሕግ ስለተከለከለ ነው። በየአገሩ ሲከለከል የልጆች ደም ውስጥ ያለው ሌድ ቁልቁል ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1952 የለንደን ጭስ ጉም በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከገደለ በኋላም ነገሩን የለወጠው በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ይገባል፣ እኔም እጠይቃለሁ። እሷ ግን የምትወልደው ከ4 ወር በኋላ ነው፣ ሕጉ እስኪመጣ አትጠብቅም።

ማለዳ፦

አሁን ቀለል አለኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ የአየር ማጣሪያ ማሽንና ማስክ ይጠቅማሉ? መንገዱን ምን ላድርገው?

አየር ለኪ፦

መጀመሪያ መስኮቱን። መኪና በሚበዛበት በጠዋትና በማታ ሰዓት መንገዱ በኩል ያለውን ዝጊ፣ መኪናው ጋብ ሲል ክፈቺ። ከመንገዱ ተቃራኒ መስኮት ካለሽ እሱን ተጠቀሚ፣ የልጅሽንም አልጋ ወደዚያ አዙሪው። በእግር ስትሄጂ ውስጥ ለውስጥ ባለው መንገድ ሂጂ፤ ከዋናው መንገድ ጥቂት መቶ ሜትር ሲራቅ የመኪናው ብክለት በጣም ይቀንሳል።

ማስክ ከሆነ ኤን 95 ወይም ተመሳሳዩ፣ ፊት ላይ ግጥም የሚለው። የጨርቁም፣ ላላ ብሎ የሚቀመጠው የሕክምና ማስክም ለደቃቁ ብናኝ እምብዛም አይሆኑም። ኤን 95ም ቢሆን ብናኝ ነው የሚይዘው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያቆምም፣ ስለዚህ ማስክ አድርጌያለሁ ብለሽ ከሰል ቤት እንዳታስገቢ። ትንፋሽ ካጠረሽ አውልቂው።

ማሽኑ ሄፓ የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ከሆነና ለክፍሉ ስፋት የሚመጥን ከሆነ ብናኙን በደንብ ይቀንሳል። አንድ ብቻ መግዛት ከቻልሽ የምትተኙበት ክፍል ይሁን፣ ብዙ ሰዓት የምታሳልፉት እዚያ ነው። ኦዞን አመነጫለሁ የሚለውን አትግዢ፣ ኦዞን ራሱ ሳንባ ይጎዳል። አቅሙ ከሌለ አትጨነቂ፣ ቤት ውስጥ የሚጨስ ነገር አለማንደድ ከማሽኑ ይቀድማል። ሲጋራ የሚያጨስ ካለም ደጅ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ።

ነርስ እና እናት፦

የባለቤትሽ ወንድም የሥራ ልብሱን ለብቻ እጠቡለት፣ ከልጅቷ ልብስ ጋር አትቀላቅሉት። ጫማውንም በር ላይ ያውልቅ። የደሟ ውጤት ሲመጣ እዚህ ጻፊልን፣ ቁጥሩ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩን አብረን እንፈልጋለን።